ስፍራውን ሳይጠይቁ ቤት ስለ መያዝ

ሰው በሕይወቱ ከሚዋዋላቸው ውሎች መካከል ቤት እንደ መግዛትና ቤት እንደ መከራየት የከበደ ጥቂት ነው። በሬ የገዛ ሰው በሬው ቢከፋበት ወደ ገበያ መልሶ ይሸጠዋል፤ ልብስ የገዛም ሰው ቢጠበው ለልጁ ያለብሰዋል። ቤት የያዘ ሰው ግን እርሱም ሚስቱም ልጆቹም ሌሊት ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ለቤቱ ዐደራ ይሰጣሉ። ስለዚህ ቤት የሚይዝ ሰው የሚይዘው ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰቡን እንቅልፍ ጭምር ነው።

ዳሩ ግን የሰው ልማድ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይታያል። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ፥ ሰኮናውን አንሥቶ፥ ጥቂት ርምጃ አስኪዶ ያያል። ቤት ሲይዝ ግን የግድግዳውን ቀለምና የጣራውን ቆርቆሮ አይቶ በዋጋው ተከራክሮ ይገባል። ቤቱ የቆመበት መሬት ምን ዐይነት እንደ ሆነ፥ ክረምት ሲገባ ውኃ በየት በኩል እንደሚያልፍ፥ በበጋ ጕድጓዱ ይደርቅ እንደ ሆነ፥ በጥቅምት ወባ ይበረታ እንደ ሆነ አይጠይቅም። ቢጠይቅም የሚጠይቀው ደላላውን ነው፤ የደላላ ኑሮው ደግሞ በነገሩ መፈጸም እንጂ በነገሩ መመርመር አይደለም።

እንኪያስ ይህ አለመጠየቅ የእምነት ምልክት ነውን? ወይስ የስንፍና? ሁለተኛም፥ የስፍራውን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ ዝም ቢልና ጕዳት ቢደርስ ዕዳው በማን ላይ ይሆናል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ለካህንም ለከተማ ሰውም የሚገቡ ናቸውና በአንድ በታወቀ አገር ምሳሌነት ቢመረመሩ መልካም ነው።

በሰሜን ወሎ፥ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የቆቦ ከተማ አለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ያህል ነው። በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ እንደ ቅጥር ቆሞ ይታያል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ተጋድሟል፤ የራያ ሜዳም በሁለቱ መካከል ተዘርግቷል። የሜዳው አፈር ግን በሜዳው የተወለደ አይደለም፤ በብዙ ዘመን ከደጋው እየተጠረገ የወረደ ነው። ጎሊና፥ ሆርማትና አላ ውኃ የሚባሉት ወንዞች ከገደሉ ሲወርዱ ኃይላቸው ብርቱ ነውና ድንጋዩንም አሸዋውንም እየገፉ ያመጣሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን ይደክማሉና ሸክማቸውን ያራግፋሉ። በዚህ ምክንያት ወንዙ ራሱ ባመጣው አሸዋ አልጋው ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ይላል፤ አልጋው በሞላ ጊዜም አሮጌውን መንገድ ትቶ አዲስ ይቀድዳል። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ወንዝ ማለት ርስት የሌለው መንገደኛ ነው፤ ዛሬ የሚሄድበት እንጂ ነገ የሚሄድበት አይታወቅም።

ሌላም ጠባይ አለው። ዝናሙ በደጋ ይዘንባል፤ ጎርፉ ግን በቆላ ይመጣል። ከዚህ የተነሣ በሜዳው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፥ ከዋክብት እየታዩ፥ ወንዙ ሞልቶ ሊደርስ ይችላል። የደጋው ደመና የሩቅ ሰው ነገር መስሎ የታየው እንግዳ፥ ድምፁን ሲሰማ ውኃው ከደጁ ደርሷል።

የራያ ገበሬ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ከማወቁም የተነሣ ጎርፉን እየፈራ ይጠብቀዋል። ደጋው ሲዘንብ ጎርፉን በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው ያገባዋል፤ ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባለው ማሽላ ከዝናም ሌላ የሚጠጣው ይህን ውኃ ነው። እንግዲህ ጎርፍ በዚያ አገር ለማሳ እንግዳ ነው፥ ለቤት ግን ወንበዴ ነው። ለእርሻ የተመረቀ መሬት ሁሉ ለመኝታ የተመረቀ አይደለም ማለት ነው። ይህን መለየት ለተወላጁ ከልጅነት ጋራ የተማረው ትምህርት ነው፤ ለመጤው ግን ካልነገሩት በቀር የተሰወረ ምሥጢር ነው።

አሁን አንድ ሰው ይታሰብ። ከደጋ በሥራ ተዛውሮ በጥር ወር ቆቦ ይገባል፤ ባለ ትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ደላላው ሁለት ቤት ያሳየዋል። አንደኛው ወደ ከፍታው ያለ፥ ጠባብና ኪራዩ የተወደደ ነው። ሁለተኛው ሰፊ ነው፤ ግቢው ፓፓያ አለበት፤ በፊቱም ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሰፊ ነጭ አሸዋ አለ፤ ኪራዩ ከፊተኛው እጅግ ያነሰ ነው። ሰውየው አሸዋውን አይቶ ነፋሻ ስፍራ ነው ብሎ ደስ ይለዋል። ባለቤቲቱ መበለት ናት። ቤቱ ከባሏ የቀረላት አንድ ሀብቷ ነው፤ በኪራዩም ትተዳደራለች። በአንድ የነሐሴ ሌሊት ውኃ እስከ አልጋ እንደ ገባ ታውቃለች። እርሱ አይጠይቅም፤ እርሷም አትናገርም። ከሁለቱ አንዱም ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን የሚያስጨንቀውም ይህ ነው።

ስለ ፊተኛው ጥያቄ አንዳንድ ሰዎች ሲናገሩ፥ የሚያጠፋም የሚያድንም እግዚአብሔር ነውና መሬትን መመርመር፥ ሰማይን መጠየቅ፥ እምነትን ማጕደል ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር ሲሰሙት መንፈሳዊ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን አንድ የቆየ ፈተና ነው። ዲያብሎስ ጌታን በመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወርውር፥ መላእክት ይጠብቁሃል ባለው ጊዜ የጠቀሰው ከመጽሐፍ ነበር። ጌታ ግን በመጽሐፍ መለሰለት፤ አምላክን መፈታተን እንደማይገባም ነገረው። ከመቅደስ ጫፍ ራስን ወርውሮ መላእክትን በመጠበቅና በወንዝ አልጋ ተኝቶ መላእክትን በመጠበቅ መካከል ያለው ልዩነት የከፍታ ብቻ ነው።

ደግሞም በአሸዋና በዐለት ላይ ስለ ተሠሩት ሁለት ቤቶች ወንጌል የሚናገረውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። በሁለቱም ላይ የወረደው ዝናም አንድ ነው፤ የመጣው ጎርፍ አንድ ነው፤ የነፈሰው ነፋስ አንድ ነው። ስለ ግድግዳቸውና ስለ ጣራቸው ልዩነት አልተነገረም። በበጋ ያያቸው ሰው ቢኖር ሁለቱን አንድ ናቸው ባለ ነበር። የለየቻቸው ከታች ያለችው መሬት ናት። ትርጓሜው ቃሉን ሰምቶ ስለሚያደርግና ስለማያደርግ ሰው እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ምሳሌው ለነፍስ ሊያስተምር የቻለው በሥጋም እውነት ስለ ሆነ ነው። የቅኔ ተማሪ ይህን አይስተውም፤ ሰሙ በጥሬው ካልቆመ ወርቁ የሚያርፍበት የለውም። በአሸዋ ላይ መሥራት በእውነት የሚጥል ባይሆን ኖሮ ምሳሌው ባልተመሰለ ነበር። እንግዲህ ወርቁን እየሰበከ ሰሙን የሚንቅ ሰው ትምህርቱን በግማሽ ይዞታል።

በመጽሐፈ ነገሥትም የኢያሪኮ ሰዎች ወደ ኤልሳዕ ቀርበው የከተማቸው አቀማመጥ መልካም እንደ ሆነ፥ ውኃው ግን ክፉ እንደ ሆነ ነገሩት። ነቢዩ እምነት ጐደላችሁ ብሎ አልገሠጻቸውም፤ በአዲስ ማሰሮ ጨው አስመጥቶ ውኃውን ፈወሰላቸው እንጂ። ሎጥ ግን የዮርዳኖስን ሜዳ ውኃ የሞላበት ገነት መስሎ ስላየው ብቻ መረጠው፤ ምን እንዳለበት አልጠየቀም። በራያ ሜዳም ይሁን በሌላ ስፍራ፥ ዐይንን ብቻ አምኖ ስፍራ የሚመርጥ ሰው የሎጥ ወገን ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ምክር የሚወለድ አንድ ክፉ ነገር ስላለ ሊጠነቀቁት ይገባል። ይኸውም ጕዳት በደረሰበት ሰው ላይ፥ ሳይጠይቅ ገብቶ ነው ብሎ መፍረድ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30 ሌሊት በድሬዳዋ የሆነው ይታወሳል። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በዳርቻውም ሰው ይኖር ነበር። በዚያ ሌሊት በላይኛው አገር የዘነበው ዝናም ተሰብስቦ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን በእንቅልፋቸው ወሰደ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 15 ደግሞ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ከ200 የሚበልጥ ነፍስ ጠፋ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ጌታ ሲናገር ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች አልነበሩም ብሏል። ስለዚህ ስፍራን መመርመር ለሕያዋን የሚነገር ምክር ነው እንጂ በሙታን ላይ የሚሰጥ ፍርድ አይደለም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ የተወሰደው ሰው የሣቀው ውኃው ስለ ሣቀለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ነው፤ ስለሚያውቀው ሰው ነውና።

በሕግ ሲታይ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ በሸጠው ነገር ላለው ጕድለት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ነገር ግን ገዢው አስቀድሞ ያወቀውን ወይም ለማንም በግልጽ የሚታየውን ጕድለት ሻጭ አይጠየቅበትም። በሌላ በኩል በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነና እንደማይሸጥ ይናገራል። የሚሸጠው ቤቱ ነው። በዚህ መካከል አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሰውን የሚጐዳው ብዙ ጊዜ ያልተሸጠው ነው። ግድግዳው ቢሰነጠቅ ግድግዳው ተሸጧልና ተጠያቂ ይፈለግለታል፤ ወንዙ ቢመጣ ግን ወንዙን ማን ሸጠ? ገዢው፥ አልነገሩኝም ብሎ ቢከስስ፥ ወንዙ በፊትህ አልነበረምን ይባላል። በጥር ግን እርሱ ያየው አሸዋ ነው፤ ወንዙን ያየችው ባለቤቲቱ ናት። በሕግ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ በእውነት የሚያዘው ስፍራው ነው። ሕግ በዚህ ስፍራ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የኅሊና አገር ነው።

ስለ ኅሊናው ግን ኦሪት ዝም አላለችም። በዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን ለጣራው መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። መከታው ለባለቤቱ አይደለም፤ ባለቤቱ የጣራውን ጫፍ ያውቀዋልና። መከታው ለማያውቀው እንግዳ ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ደግሞ በቤቱ ግድግዳ ላይ ደዌ የታየበት ሰው ራሱ ወደ ካህኑ መጥቶ በቤቴ እንዲህ ያለ ነገር ታይቷል ብሎ እንዲናገር ተጽፏል። ጎረቤት እስኪከስሰው፥ እንግዳ እስኪታመምበት ይጠብቅ አልተባለም። በዚህ ሥርዓት የቤትን ደዌ የመናገር ግዴታ መጀመሪያ የወደቀው በባለቤቱ ላይ ነው፤ የመመርመር ግዴታ ደግሞ በካህኑ ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ፍርዱ ግልጽ ይመስላል፦ የጠየቀ ዐወቀ፤ ያወቀ ግን ባይጠየቅም ተጠያቂ ነው።

ነገር ግን በመበለቲቱ ፊት ቆሞ ይህን መናገር ቀላል አይደለም። እውነቱን ብትናገር እንግዳው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ቤቱም ባዶውን ይሰነብታል፤ እርሷም እንጀራዋን ታጣለች። ዝም ብትል ግን የሰው ልጆች በወንዝ ዳር ይተኛሉ፤ ምናልባት ሦስት ክረምት በሰላም ያልፋል፤ ምናልባት በመጀመሪያው ይሆናል። እንጀራና ነፍስ በሚዛን ሲቀመጡ የትኛው እንደሚመዝን የታወቀ ነው፤ ስለዚህ መናገር ይገባታል። ዳሩ ግን ተናገሪ ብሎ አዝዟት እንጀራዋን ሳያስብላት የሚሄድ መካር፥ ከባድ ሸክም አሥሮ በሰው ትከሻ ላይ ጭኖ በጣቱ እንኳ የማይነካ ይሆናል። እውነት የሚያስከፍለው ዋጋ በአንዲት መበለት ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም።

መንገዱም አይጠፋም። ቤቱን ከጥቅምት እስከ ሰኔ አከራይቶ በሐምሌና በነሐሴ ባዶ ማድረግ ይቻላል። የደጁን መድረክ በድንጋይ ከፍ ማድረግ፥ ውኃው በሚመጣበት በኩል ቦዩን መክፈት ይቻላል። የወሎ ሰው ሞት ሲደርስ በቅሬ ተሰብስቦ ይቀብራል፥ ያጽናናል፥ ድንኳን ይተክላል። ያ ቅሬ ለቀብር የሚያወጣውን ጕልበት ከቀብሩ በፊት ለአንድ የድንጋይ መከታ ቢያወጣው ቀብሩ በቀረ ነበር። ማዘጋጃ ቤትም በወንዝ ዳር የሚሠራውን በጊዜ ቢከለክል፥ አስቀድሞ ለተቀመጠውም ምትክ ቢያስብለት፥ እውነት መናገር ለድኻ እንዲህ ባልከበደ ነበር።

የተከራዩስ ድኽነት? አማራጭ የሌለው ሰው ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከፍታው ላይ ያለውን ቤት ለመከራየት ገንዘብ የሌለው ሰው ቢነገረውም ያንኑ ቤት ይይዝ ይሆናል። ነገር ግን ያወቀ ድኻና ያላወቀ ድኻ አንድ አይደሉም። ያወቀው በምዕራብ ተራራ ላይ ደመና ሲጠቍር ልጆቹን ወደ ዘመድ ይልካል፤ እህሉን ከመሬት አንሥቶ በቆጥ ላይ ያኖራል፤ ሌሊት የሚሸሽበትን መንገድ በቀን ያጠናል፤ መራመድ የማትችል እናቱን በዚያ ቤት አያስተኛም። ድኻ ቤቱን መምረጥ ባይችል ሌሊቱን መምረጥ ይችላል። ዝም ያለው ሰው የወሰደበት ይህን ነው፤ ጥቂት የነበረውን ምርጫ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ነገር የሽማግሌዎች ምስክርነት ነው። በቆላ አገር ስፍራን ለማወቅ ሽማግሌን እንደ መጠየቅ ያለ መጽሐፍ የለም። በየትኛው ዓመት ውኃ እስከ የት እንደ ደረሰ፥ የትኛው ቦይ አስቀድሞ ወንዝ እንደ ነበረ፥ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የትኛው ጕድጓድ እንዳልነጠፈ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ሆኖም በዚህ ዘመን ውኃ ደርሶበት አያውቅም የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። የኢትዮጵያ አየር ካለፉት 60 ዓመታት ወዲህ ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቋል። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቍጥር ከመቶ 7 እጅ ያህል ተጨማሪ የውኃ እንፋሎት ለመሸከም ይችላል፤ ስለዚህ ዝናም ሲቀር ድርቁ ይብሳል፥ ዝናም ሲመጣም ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ደኑ የተመነጠረ ተዳፋትም ውኃውን አያቈየውም። እንግዲህ የሽማግሌው ቃል ያለፈውን ወሰን ያሳያል፤ የሚመጣው ግን ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል። ጠቢብ ሰው ሽማግሌው ካሳየው ምልክት ጥቂት ከፍ ብሎ ይተኛል።

ጎርፍም ብቻውን አይደለም። ጎርፉ ካለፈ በኋላ በጕድባ የሚቀረው ውኃ በመስከረምና በጥቅምት የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። በ1940ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ወባን ለመከላከል የሙከራ ሥራ ሲጀመር ከተመረጡት ስፍራዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ወባው ወደ ወይና ደጋው ወጥቶ በመላው አገር 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ተገምቷል። ጥቍር የዋልካ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ያብጣል፤ ጥልቅ መሠረት የሌለው ግድግዳ ከእርሱ ጋራ ይከፈታል። ቆርቆሮ ብቻ የለበሰ ዝቅተኛ ጣራ በግንቦትና በሰኔ ሕፃንና ሽማግሌ የሚደክምበት ምድጃ ይሆናል። ምድርም ራሷ የምትናወጥበት ጊዜ አለ። የራያን ሜዳ በምዕራብ የሚያዋስነው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ወደ ደቡብ ተዘርግቶ በሚያልፍበት በካራቆሬ አካባቢ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ተናውጣ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው፥ እንግዲህ የት ይኖራል ብሎ ሊደነግጥ አይገባም። አደጋ የሌለበት ስፍራ ከገነት ወዲህ አልታየም። የሚፈለገው ስፍራውን ከነጠባዩ ማወቅ ነው፤ ማወቁም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቤቱን የሚቻል ቢሆን በክረምት ማየት፤ ባይቻል የግድግዳውን እግር መመልከት፥ ውኃ የደረሰበት ቀለም ይለይለታልና። በወንዙ ዳር ያሉትን የግራር ቅርንጫፎች ማየት፥ ጎርፍ ያመጣው ገለባ የተንጠለጠለበት ከፍታ ይናገራልና። ሥሩ የተራቈተና ያዘነበለ ዛፍ አፈሩ እየሸሸ መሆኑን ይነግራል። በቀትር ገብቶ ከቆርቆሮው ሥር ጥቂት መቀመጥ፥ ጕድጓዱ በግንቦት ምን ያህል እንደሚወርድ መጠየቅ፥ በማዘጋጃ ቤት ቤቱ በፕላን ውስጥ መሆኑን፥ ለወንዝ ዳርቻ የተተወ መሬት አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ስለሚመጣው ክረምት የሚሰጠውን ማስታወቂያ መስማትም አይጐዳም። ከሁሉም ይልቅ ደላላውንና ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ጥቅም የሌላቸውን ሦስት ጎረቤቶች መጠየቅ መልካም ነው፤ እረኛ ልጅ እንኳ ከብቱን በክረምት ወዴት እንደሚያሸሽ ቢጠየቅ ስለ አገሩ ብዙ ያስተምራል።

በውጭ አገር ይህ ነገር ከምክርነት አልፎ ሕግ ሆኗል። ደቻቱ በሞላበት በዚያው በ1998 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ሻጭ ለገዢ፥ አከራይም ለተከራይ፥ ቤቱ ያለበት ስፍራ ለጎርፍና ለመሰለው የተፈጥሮ አደጋ የተጋለጠ መሆኑን በጽሑፍ እንዲያስታውቅ የሚያስገድደው ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ። በጃፓንም ከ2012 ዓ.ም. ፍጻሜ ጀምሮ ቤት የሚያሻሽጡና የሚያከራዩ ደላሎች ቤቱ በጎርፍ ካርታ ላይ የቱ ጋር እንዳለ ውሉ ሳይፈረም እንዲያሳዩ ታዝዘዋል። እነዚህ አገሮች ያደረጉት አዲስ ነገር አይደለም፤ ኦሪት በጣራ ላይ ያዘዘችውን መከታ በወረቀት ላይ ሠሩት እንጂ። እንዲህ ያለ ወረቀት በሌለበት አገር ግን ወረቀቱ የሰው አፍ ነው። ያ አፍ ከተዘጋ ሌላ መከታ የለም።

በዚህ ነገር የካህናት ድርሻ ታላቅ ነው። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ካህን ጠርቶ ጸሎት ያስደርሳል፥ ጸበል ያስረጫል። ካህኑም የሰፈሩን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ በየክረምቱ የማን ቤት እንደ ፈረሰ፥ በየጥቅምቱ የማን ልጅ በወባ እንደ ተቀበረ የሚያውቅ እርሱ ነው። ጸሎቱን አድርሶ ሲያበቃ፥ ልጄ፥ በነሐሴ ሌሊት በዚህ በኩል ጆሮህን አቅና፥ ልጆችህን በላይኛው ክፍል አስተኛ ቢለው ቡራኬውን አያጐድለውም፤ ይፈጽመዋል እንጂ። በሌዋውያን ሥርዓት ቤት የሚመረምረው ካህን ነበረና ይህ ለካህን የተመለሰ ርስቱ ነው።

ያ ከደጋ የመጣ ሰውና ያች መበለት አሁንም በጥር ፀሐይ በአሸዋው ዳር ቆመዋል። በመካከላቸው ያለው ነገር ታላቅ አይደለም፤ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ብቻ ነው። እርሱ፥ እናቴ፥ ይህ አሸዋ በክረምት እንዴት ነው ቢላቸው የእምነቱ መጠን አይቀንስም። እርሳቸውም ወደ ግድግዳው ቀርበው፥ ልጄ፥ በአንዱ ነሐሴ እስከዚህ ደርሷል ብለው በእጃቸው ከፍታውን ቢያሳዩት የአንድ ወር ኪራይ ያጡ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያች እጅ ለቤታቸው መከታ ሠርተውለታል። ምናልባት ኪራዩን ቀንሰው እስከ ሰኔ ይስማማሉ፤ ምናልባት እርሱ አመስግኗቸው ወደ ከፍታው ይወጣል። የሆነው ቢሆን ክረምት ሲመጣ ሁለቱም በየቤታቸው ሲተኙ የአንዱ እንቅልፍ በሌላው ዝምታ የተገዛ አይሆንም።

ለጠያቂው ትሕትናን፥ ለሚያውቀውም እውነት የሚናገር አንደበትን እግዚአብሔር ያድል። አሜን።